አሥራ ስድስት ሻኛ ያለው በሬ

እኔ በሥራዬ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ቆይ፣ አትሳቁ፤ ገና አልጀመርኩም። ካሳንቺስ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሚቀጥለው ዓመት ምን መምሰል እንዳለበት ስጽፍ እውላለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ የጻፍኩትን አንብቦ አያውቅም። እሱ የኔ ጥፋት አይደለም። የኔ ጥፋት ሌላ ነው፤ ከጎረቤቶቼ ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ፣ እነሱ ቅመም ጨምረውበታል።

የምንኖረው ከኡራኤል ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ አራት ፎቅ ብሎክ፣ ሊፍት የለው፣ ውሃም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ነዋሪው ከየሰፈሩ ተለቃቅሞ የመጣ ነው፤ አንዱ ከወሎ ሰፈር፣ አንዱ ከደምበል ጀርባ፣ አንዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይናገር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ "ደህና አደሩ" ተባብለን እንተላለፋለን፤ በቃ። አንድ ላይ የሚያደርገን የፋሲካ ቅርጫ ብቻ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ሆነን አንድ በሬ ገዝተን ግቢ ውስጥ እናርዳለን፣ እንካፈላለን። ያን ቀን የአራተኛ ፎቅ ሰው የምድር ቤቱን ሰው በስሙ ይጠራል። ጎናችን ያለው ብሎክም እንደኛው ቅርጫ ነበረው፤ በአንዲት ኩላሊት ተጣልተው ፈረሰ። አሁን ለፋሲካ እያንዳንዱ ከልኳንዳ ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና በሩን ይዘጋል። ባለቤቴ ሰናይት በመስኮት ስታያቸው "እንደነሱ ከመሆን ይሰውረን" ትላለች። እኔም "አሜን" እላለሁ። "አሜን" ያልኩት አፍራሹ እኔ ልሆን እንደነበር ሳላውቅ ነው።

ቅርጫችንን ለዘጠኝ ዓመት የመሩት ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ ቀያሽ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲሸነሽኑ ኖረው አሁን በሬ ይሸነሽናሉ። ሚዛን አይነኩም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ ይቆርጣሉ፣ አሥራ ስድስት መደብ ያወጣሉ፤ አንዱን መደብ ከሌላው መለየት አይቻልም። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፦ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ እስክሪብቶ። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ቁልፍህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርስሃል።

ችግሩ ሻኛ ነው። በሬ ጫንቃው ላይ ያቺን ጉብ ያለች ስብ ይዞ ሲሄድ ሳይ እኔ ልቤ አብሮት ይሄዳል። ለአሥራ ስድስት ስትከፈል ግን ለያንዳንዱ ቤት የአውራ ጣት ታህላለች። በየፋሲካው የደረሰችኝን አውራ ጣት እያየሁ አጉረመርማለሁ። ዘንድሮ ሰናይት ሰለቻት መሰለኝ "እኔ ላይ ከምታጉረመርም ለምን ለነሱ አትነግራቸውም?" አለችኝ። ንገራቸው ነው ያለችኝ፤ ተመረጥ አላለችኝም።

ሰብሳቢ በየዓመቱ ይመረጣል። ማለቴ፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል እንጂ ማንም ስለማይወዳደር ጋሽ ሙሉጌታ ይቀጥላሉ። የዘንድሮው ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተጠራ። ልብ በሉ፣ ሁዳዴ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ሙሉ ሰው አንድ ወር ሽሮና ምስር ሲበላ ከርሞ ነው ወንበሩን ይዞ የወረደው። ድምፅ የምትቆጥረው አንደኛ ፎቅ ያለችው ሰዓዳ ናት። እሷ ሙስሊም ስለሆነች ከቅርጫው አትካፈልም፤ ስለማትካፈልም ማንም አይጠረጥራትም። ደብተሯን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች።

መጀመሪያ ጋሽ ሙሉጌታ ተነሡ። "በሬው አንድ ነው፣ እናንተ አሥራ ስድስት ናችሁ። እኩል አካፍላለሁ። ጨረስኩ" ብለው ተቀመጡ። አንድ ሰው አሳለ።

"ሌላ የሚወዳደር አለ?" አለች ሰዓዳ። እጄ ወጣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ስለ ሻኛው አስተያየት ልሰጥ ነበር እጄን ያወጣሁት። እሷ ግን ስሜን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ስሜ ተጽፎ ሳይ እንዴት ልንገራችሁ፣ ደረቴ ነፋ አለ። ተነሣሁና "ጎረቤቶቼ፣ ዘንድሮ ዕጣ የለም! ዘንድሮ እያንዳንዱ ቤት የሚወደውን ይወስዳል!" አልኩ።

ጭብጨባ! እኔ እኮ በሕይወቴ አጨብጭበውልኝ አያውቁም። በሠርጌ ቀን እንኳ ያጨበጨቡት ለሰናይት ነው።

አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ብሩክ ተነሣ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ ሚስቱ ሜሮን የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። "ፋዘር፣ ሜሪ ሻኛ አምሯታል። ሲሪየስሊ፣ በህልሟ ሁሉ ታየዋለች" አለ። ያረገዘች ሴት አምሯት እንዴት ትከለከላለች! "ሻኛው የሜሮን ነው!" አልኩ። እዚህ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ግን እትዬ ወርቅነሽ፣ የምድር ቤቷ፣ "እኔስ? ለኔ ጨጓራውን ከነጉበቱ ከነኩላሊቱ፤ ዱለት እሠራበታለሁ" አሉ። "የእርስዎ ነው!" አልኩ። ከወዲያ "ለኔም ሻኛ!" ተባለ። "ላንቺም!" "ለኛስ ቤት?" "ለእናንተም!" እንግዲህ እጅ በተነሣ ቁጥር እየሰጠሁ፣ በሰጠሁ ቁጥር እየተጨበጨበልኝ፣ ጭብጨባው ራሴ ላይ እየወጣ ሄደ። ለስንት ሰው እንዳደልኩ እንጃ።

ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸውን አወጡ። "አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ በሬ ስንት ሻኛ አለው?"

ከኋላ "አይ ጋሼ፣ ነገር አያበላሹ!" የሚል ድምፅ መጣ። እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤቴ ቋንቋ አፌ ላይ ነበረችና "ጥያቄው ገንቢ ነው፣ በጥናት ይመለሳል" አልኩ። ለዚህም ተጨበጨበ! ሰዓዳ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። "ለኛስ ምን አስበሃል?" አለችኝ ቀና ብላ። "ለእናንተም በአረፋ እንደዚሁ ይደረጋል!" አልኳት። እሷም ጻፈችው።

ለያንዳንዱ ቤት አንድ ድምፅ ነው። የኛን ቤት ድምፅ፣ እኔ በንግግር ስለተያዝኩ፣ ሰናይት ሰጠች። አሥራ አራት ለሁለት አሸነፍኩ። ከሁለቱ አንደኛው የጋሽ ሙሉጌታ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ማታ ራት ላይ ነው የተረዳሁት።

"ባልሽን ትቃወሚያለሽ?" አልኳት።

"አንተን አልተቃወምኩም፤ በሬው አሳዝኖኝ ነው" አለች። "ለመሆኑ ለስንት ሰው ነው ሻኛ ያደልከው?"

"አልቆጠርኩም።"

"አልቆጠርኩም! የዕቅድ ባለሙያ!"

"ምርጫ ነው እኮ ሰናይት። በምርጫ አይቆጠርም።"

ሽሮዋን ትታ አየችኝ። "ጋሽ ሙሉጌታን አይተሃቸዋል? ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ነው ደረጃውን የወጡት። በየዓመቱ ሦስት ሰው ይሻማላቸው ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልተቀበላቸውም።" ይቺን ስሰማ የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

በሳምንቱ ሰዓዳ በየቤቱ ዞራ የሚፈለገውን መዝግባ መጣች። ደብተሯን ከፍታ አነበበችልኝ። አሥራ አንድ ቤት ሻኛ፤ አንተን ጨምሮ አሥራ ሁለት። ሁለት ቤት ጉበት። እትዬ ወርቅነሽ ጨጓራ ከነጉበቱ ከነኩላሊቱ። ጋሽ ሙሉጌታ የደረሰኝ ይበቃኛል ብለዋል። አለቀ።

"ሽንጥ የፈለገ የለም? ጎድን? ወርች?"

"የለም። ሥጋውን የፈለገ ሰው የለም። በሬው እንዳለ ተርፏል" አለችኝ፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩን ይዛ ቆመች።

እኔም የዕቅድ ባለሙያ አይደለሁ፣ ዕቅድ አወጣሁ። ሻኛው አንድ መሆኑን መለወጥ ካልተቻለ፣ ትልቅ ማድረግ ይቻላል! ሻኛው የገዘፈ በሬ ተፈልጎ ይገዛል። የጉበቱን ነገር ደግሞ ላራዝመው ብዬ ሁለቱን የጉበት ቤቶች በየበራቸው አንኳኩቼ "ዘንድሮ ካልበቃ ለመስቀል ሌላ በሬ እንጥላለን" አልኳቸው። እስቲ አስቡት፣ የመጀመሪያው በሬ ገና ሳሩን እየጋጠ ሁለተኛውን ጨምሬበታለሁ፤ የሰዓዳን የአረፋውን ሳንቆጥር።

ዋዜማው ሲቃረብ ከብሩክ ጋር የበሬ ገበያ ሄድን። በፊት ጋሽ ሙሉጌታ ብቻቸውን ሄደው የበሬውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ የጭራውን ሥር እየዳሰሱ ነበር የሚመርጡት። እኔ በሬዎቹን ጎናቸውን አላየሁም። ቀና ብዬ ጫንቃ ጫንቃቸውን ብቻ እያየሁ ስዞር አንድ ነጋዴ ጠራኝ። "ጌታዬ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ሻኛው ትልቅ የሆነ።"

"ከዚህም የሚበልጥ?"

"ከዚህም የሚበልጥ።"

"እንግዲያ ግመል ተራው በዚያ በኩል ነው" አለኝ። ብሩክ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ወዲያውኑ ከጥግ የቆመ አንድ በሬ አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ሻኛው! ወደ አንድ ጎን እስኪያጋድል ድረስ ያደገ ሻኛ! "ፋዘር፣ ቦዲው ግን ትንሽ ኬዝ የለውም?" አለ ብሩክ። "አንተ ስለ ኮምፒውተር ታውቃለህ" ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ቅዳሜ በሬው ግቢያችን ገባ። ሕዝቡ ወረደ። መጀመሪያ ሁሉም ሻኛውን አይቶ "ውይ!" አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ለካ በሬው ከሻኛው ሌላ ምንም የለውም። የጎን አጥንቱን ከሰገነት ሆኖ መቁጠር ይቻላል። እትዬ ወርቅነሽ አንድ ጊዜ ዞሩትና "ይሄ በሬ ነው ወይስ የልብስ መስቀያ?" አሉ። ቀና ስል ጋሽ ሙሉጌታ ከሁለተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው እያዩ ነው። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩትና ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ነጠላውን እንደለበሰ፣ በሬው ታረደ። ተገፎ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ አራጁ ሥጋውን በዚያች ትልቅ ሻኛ ጀመረ። ላጥ አድርጎ አወጣት፣ ቅጠል ላይ አስቀመጣት፣ ቢላውን ጠረገና "ይቺስ ለማን ናት?" አለ።

አሥራ ሁለት ሳህን ተዘረጋ።

"ቃል የተገባልኝ እኔ ነኝ!" "ከኔ በፊት እጅ ያወጣ የለም!" "ሜሪ እርጉዝ ናት እኮ፣ ምን ነካችሁ!" "አርግዛ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት እንዴ?" ጉበቱ ጋ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሥቷል፤ እትዬ ወርቅነሽ ጨጓራውን በሁለት እጃቸው ይዘው "ማንም እንዳይነካኝ" ይላሉ። በመካከል የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ድምፁ የማይሰማው፣ ሳህኑን ብብቱ ሥር አደረገና "ለከርሞ እኔን አትቁጠሩኝ፤ ከልኳንዳ ገዝቼ ቤቴ እበላለሁ" አለ። ሌላውም "እኔም" አለ። ሰናይት ወደ ጎረቤቱ ብሎክ አየች፣ ወደኔ አየች። ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ንግግሬ ሊፈርስ ነው!

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። የጋሽ ሙሉጌታ በር ገርበብ ብሏል። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ጋዜጣ ላይ ቢላቸው ተስሎ ያበራል።

"እንኳን አደረሰህ" አሉኝ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ። ይምጡልኝ። ሊበታተኑብኝ ነው።"

"እኔ አልተመረጥኩማ።"

"ታዲያ ቢላውን ለምን ሳሉት?"

አዩት። "እጄ ለምዶ ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። "ያን ዕለት የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም፤ ስንት ሻኛ አለው?"

"አንድ።"

"ይህን ለኔ አትንገረኝ። ታች ወርደህ ለነሱ ንገራቸው። ከነገርካቸው እመጣለሁ።"

ወረድኩ። ሳህኖቹ እንደተዘረጉ ናቸው። የእትዬ ወርቅነሽን በርጩማ ስቤ ላዩ ላይ ቆምኩ። መናገር እንደዚያ ቀን የከበደኝ ጊዜ የለም፤ ቃል መግባት ለካ በጣም ቀላል ነገር ነው። "ጎረቤቶቼ፣ በሬው ያለው አንድ ሻኛ ነው" አልኩ። "ያን ቀንም አንድ እንደሆነ አውቅ ነበር። ጭብጨባችሁ ጥሞኝ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አራጁ ቢላውን መሳል አቆመ። ያኔ እትዬ ወርቅነሽ ጨጓራውን እንዳቀፉ "ምን ይላል ይሄ! እኛስ አናውቅም ነበር እንዴ?" አሉ። "በሬ አይተን አናውቅም? እያወቅን አይደል ያጨበጨብንልህ!" አሉና በሳቅ ፈነዱ። ሰዓዳ ተከተለች። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ላለመሳቅ ታገለ ታገለና ተሸነፈ። ግቢው በሙሉ ተንከተከተ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ የሳቀውን ሳቅ ኡራኤል ድረስ ሳይሰሙት አይቀርም።

ጋሽ ሙሉጌታ ቢላቸውን ይዘው ሲወርዱ መንገድ ተለቀቀላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን አጥንተ ብዙ በሬ እንዴት እንዳደረጉት አላውቅም፣ አሥራ ስድስት መደብ ሆነ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ግን እኩል። ሻኛውም ትልቅ ስለነበረ ለያንዳንዱ ከአውራ ጣት ትንሽ ከፍ አለ። ሰዓዳ ቁልፋችንንና ቆርኪያችንን ተቀብላ በየመደቡ አስቀመጠች። ሁሉም የራሱን አነሣ።

ሜሮን ሆዷን ይዛ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ከመደባቸው ላይ ሻኛቸውን በሁለት ጣታቸው አነሡና ሄደው ሳህኗ ላይ አደረጉላት። "ይኸው፣ ያማረሽ እንዳይቀርብሽ" አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከኋላቸው ሌላዋ ሄደች። ከዚያ የጉበት ቤቶቹ። ከዚያ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ እየተጣደፈ፣ ሰው እንዳያየው የፈለገ ይመስል። እኔ የራሴን ይዤ ትንሽ አመነታሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ አመነታሁ። ዞር ስል ግን መደቤ ላይ የለችም፤ ሰናይት ቀድማ ወስዳታለች። አንድ በአንድ ተጠራቅሞ ያ ሁሉ ሻኛ የሜሮን ሳህን ላይ ቆመ። እሷም "ኧረ ይሄን ሁሉ የት አደርገዋለሁ!" እያለች ስታለቅስና ስትስቅ አንድ ላይ ሆነባት።

ሰናይት ተቀብላት የጋራ ኩሽናው ውስጥ ጠበሰችው። ሽታው ሲወጣ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ተመልሶ ወረደ። እንጀራው ከየፎቁ መጣ፣ ሰዓዳም የልጆቿን ለስላሳ ሳይቀር አወረደች። ሜሮን የምትችለውን በላች፤ የተረፋትን እየዞረች ለሁሉ አጎረሰች። ከርሞ ማን ይምራ ሲባል "ጋሽ ሙሉጌታ!" ተብሎ ተጮኸ፣ ጋሽ ሙሉጌታም ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወንበራቸውን ልይዝላቸው ስነሣ ለንግግር የተነሣሁ መሰላቸውና አጨበጨቡልኝ።

"ይናገር! ይናገር!" አሉ።

እንግዲህ ምን ላድርግ። ደረቴ ነፋ አለ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና "ጎረቤቶቼ፣ ለከርሞ ፋሲካ..." ስል ሰናይት ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ትልቅ ነበር። አኝኬ ስጨርስ ሰዉ ወደ ሳህኑ ተመልሷል፤ እኔም ምን ቃል ልገባ እንደነበር ጠፋብኝ።